የግራው ስፒከር

አባቴ «የግራው ስፒከር ታሟል» ባለ ጊዜ ከልቡ ያመነው ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አባዬ ስለ ድምፅ ተናግሮ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም። ሰፈሩ ሁሉ የተበላሸ ቴፑንና ሬዲዮኑን ተሸክሞ የሚመጣው እሱ ሱቅ ነው፤ እሱም ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ያዳምጥና «የዚህ ቀበቶው ላልቷል»፣ «የዚህ ደግሞ ውስጡ አንድ ሽቦ ለቋል» ይላል። ሲከፈት ልክ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ታሟል ካለ፣ ታሟል ነው እንግዲህ።

አሁን አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። የታመመው ስፒከሩ እንዳልነበረ ካወቅኩ ቆይቻለሁ። የምነግራችሁ ግን እሱን ብቻ አይደለም። አባዬ ሐኪም ዘንድ እንዳይሄድ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ያውም እሱን ያዳንኩ መስሎኝ። እሱን ነው የምነግራችሁ።

ሳሎናችን ውስጥ የነበረውን ማጫወቻ አባዬ ከወዳደቀ ዕቃ ለቃቅሞ ራሱ ነው የሠራው። አምፕሊፋየሩ ክዳን የለውም፤ የሆድ ዕቃው ሁሉ ይታያል። ማዞሪያዎቹም ከየአሮጌው ሬዲዮ የተነቀሉ ስለሆኑ ቁጥርም ምልክትም የላቸውም፣ የትኛው የምን እንደሆነ የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን። ስፒከሮቹ ግን የተከበሩ ናቸው። እሁድ ከምሳ በኋላ አባዬ መሀል ላይ ወንበሩን አድርጎ ይቀመጣል፣ እኔ እግሩ ሥር ምንጣፉ ላይ።

«ዳኛዬ፣ ጊታሩ የት ነው ያለው?» ይለኛል።

«በግራ!»

«ዘፋኟስ?»

«መሀል!»

«አይ ልጅ! ጆሮ ማለት ይሄ ነው» ብሎ ፀጉሬን ያምሰዋል። እኔም ጊታር የት እንደተቀመጠ ማወቅ ትልቅ ሙያ ይመስለኝና ደረቴን እነፋለሁ።

አንድ እሁድ እንደወትሮው ጠየቀኝ፣ እንደወትሮው «በግራ» አልኩት። 

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በግራ ነዋ! ሁልጊዜ በግራ አይደል እንዴ?»

ተነሣና የግራው ስፒከር ፊት ተንበረከከ። ድምፁን ጨመረ፣ ቀነሰ። «ይሄ ነገር ሳስቷል» አለ። በማግስቱ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወራቸው። አሁንም ግራው ሳሳ። ሽቦ ቀየረ፣ ካሴት ቀየረ፣ አምፕሊፋየሩን ፈታትቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ግራው ሳሳ። የሙያው ደንብ ነው፣ ድምፅ የሚያልፍበትን መንገድ ከመነሻው ጀምረህ በተራ ትፈትሻለህ። እሱም በተራ ፈተሸና መጨረሻ ላይ «ስፒከሩም አይደለም፤ ክፍሉ ነው፣ ግድግዳው ድምፁን እየጠጣው ነው» ብሎ ፈረደ። ድምፅ ስፒከሩ ላይ እንደማያበቃ፣ ከስፒከሩ ቀጥሎ ሌላ ዕቃ እንዳለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እሱን ብቻ አልፈተሸም።

መጽሔት ወደ ቤታችን የገባው ያኔ ነው። መጽሔት የአባዬ ደንበኛ ነው፤ ብብቱ ሥር ስለ ሙዚቃ ዕቃ የሚያወራ የውጭ አገር መጽሔት ሳይወትፍ ታይቶ ስለማያውቅ ነው ስሙ የወጣለት። ድሮ ሱቅ እየመጣ «ስፒከር ላይ ጠጠር የተሞላ ጠርሙስ ቢቀመጥ ድምፁ ይጠራል ይላል» ሲል አባዬ በሳቅ ይፈርሳል። «ጠጠር? ታዲያ ለምን ድስት አንጥድበትም!» ይለዋል። አሁን ግን ራሱ አስጠራው።

«እስቲ ያን ወረቀትህን አምጣውና አንብብልኝ» አለው።

መጽሔት ደስታውን አልቻለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ጉድ ፈላበት። ሽቦ መሬት ከነካ ድምፅ ይበላል ተባለና የእማዬ የሻይ ብርጭቆዎች በሙሉ እየተገለበጡ ሽቦው ላያቸው ላይ ተዘረጋ። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተቸነከረ። ስፒናው ሶኬቱ ላይ ተገልብጦ ተሰካ። አምፕሊፋየሩ ላይ የስልክ ማውጫ መጽሐፍ ተጫነበት። ጠርሙሱን የሞላሁት እኔ ነኝ፤ መጽሔት ጠጠሩ ነጭ ብቻ መሆን አለበት ስላለ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ስመርጥ ዋልኩ፣ በሳሙና አጠብኩ፣ በፎጣ አደረቅኩ።

«እንግዳ ቢመጣ ሻይ በምን ላቅርብ ነው? በእጄ ልጨብጥላቸው?» ትላለች እማዬ።

«አንድ ሳምንት ታገሺኝ፣ የኔ እመቤት።»

አቤት ደስ ሲለኝ! አባዬ ከሥራ ሲመጣ ለእኔና ለጠርሙሱ የሚመጣ ነው የሚመስለኝ። አስቀምጣለሁ፣ አነሣለሁ፣ «አሁንስ?» ይለኛል፣ «አሁን ይሻላል!» እለዋለሁ። ምንም አልተለወጠም እኮ። ግን ይሻላል ስለው ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ ስለማይ ምን ቆርጦኝ አልተለወጠም እላለሁ!

የቀረው ነገር ሁሉ ደግሞ ለእኔ ሌላ ይመስለኝ ነበር። ገበታ ላይ እማዬ ሁልጊዜ በስተግራው ነው የምትቀመጠው። ታናግረዋለች፣ ዝም ይላታል። ደግማ ትናገራለች፣ ዝም። እኔ በቀኙ ሆኜ «አባዬ» ካልኩት ግን ወዲያው «ወይዬ» ይላል። ተኳርፈዋል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ከእኔ ጋር ግን ሰላም ነው ብዬ፣ ክፋቴ፣ ትንሽ ደስም አለኝ። መንገድ ላይ እጄን ይዞኝ ስንሄድ ከግራው ወደ ቀኙ አዛወረኝ። የሚያስቀይም ነገር አልነበረውም።

አንድ ቀን ደግሞ ማጫወቻውን አጥፍቶ ቆመና «ዳኛዬ፣ ያ ጭው የሚለው ይሰማሻል?» አለኝ።

አዳመጥኩ። ምንም የለም። «አዎ፣ ትንሽ ትንሽ» አልኩት። እሱም «አየሽ፣ ከግድግዳው ውስጥ ካለው ሽቦ ነው የሚመጣው» አለ፤ ደስ አለው ብቻውን ስላልሆነ።

እማዬና አባዬ ውሉን የተዋዋሉት አንድ ቅዳሜ ነው። እኔ ማዕድ ቤት ሰሃን እያደረቅኩ፣ እነሱ ሳሎን።

«አንተ ሰውዬ፣ ትናንት በስተግራህ ቆሜ ሦስት ጊዜ ጠራሁህ» አለች እማዬ።

«አልሰማሁማ! ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«እኔስ ምን አልኩ? አልሰማህም ነው የምልህ።»

«ጆሮዬ ምንም አልሆነም። በዚህ ጆሮ ነው የምንበላው፣ አትርሺ።»

«ስለሱ ነዋ የምጨቀጭቅህ!» አለች። ቀጥላም «እሺ፣ እንግዲያው ያ ጠርሙስህ ይፍረደን። ነገ ዓይንህን በሻሽ እሸፍነዋለሁ፤ ልጅቷ ጠርሙሱን ታስቀምጥ፣ ታንሣ። አለ የለም ብለህ ከለየህ ሁለተኛ ስለ ጆሮህ አፌን አልከፍትም። ካልለየህ ግን ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው። ያንተስ?»

«ቃሌ ነው።»

ጆሮ የሚለውን ሰምቻለሁ። ግን የታመመ ጆሮ እኔ የማውቀው አንድ ነው፤ ክፍሌ ውስጥ የነበረው ልጅ ጥጥ የሚወትፍበት፣ መግል የሚወርደው። የአባዬ ጆሮ ንጹሕ ነው። ስለዚህ እማዬ በብርጭቆዎቿ ተናዳ ልትቀጣው ነው ብዬ አሰብኩ። ሆስፒታልን ደግሞ በደንብ አውቀዋለሁ። ከአባዬ ሱቅ አጠገብ ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ሰኞ ዕለት በእግሩ እየሄደ፣ ለእኔ እጁን እያውለበለበ ሆስፒታል ገባ፤ አርብ ዕለት ሱቁ ደጃፍ ድንኳን ተተከለ።  አባዬን ማንም ወደዚያ አይወስደውም አልኩ።

እሁድ ከምሳ በኋላ አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እማዬ ሻሿን አዙራ አዙራ ዓይኑ ላይ አሰረችለት። እሷ ከጎን ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፤ ወረቀቱ ላይ አሥራ ሁለት መስመር አስቀድማ ጽፋለች፣ አለ፣ የለም፣ የለም፣ አለ እያለች። ጣቷን ስታስቀምጥበት እኔ ዘፈኑን አቆማለሁ፣ ስፒከሩ ጋ ሄጄ ጠርሙሱን አስቀምጣለሁ ወይም አነሣለሁ፣ ተመልሼ ዘፈኑን እለቃለሁ።

ዛሬ ሳስበው እማዬ እንዴት ያለች ብልህ ሴት ነበረች! ጠጠር ድምፅ እንደማይለውጥ ታውቃለች። ያን ፈተና በአንድ ጆሮ ቀርቶ በአራት ጆሮም የሚያልፈው ሰው የለም። ሊወድቅ፣ ወድቆም ሐኪም ጋ ሊሄድ ነው ያዘጋጀችለት።

መጀመሪያው ላይ «አለ» አለ። ልክ ነው። ሁለተኛው ላይ «አለ» አለ። የለም። እማዬ በእርሳሷ ሰረዝ አደረገች፤ እርሳሱ ወረቀቱን ሲጭረው ይሰማል። ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆየ። «እንዴ… ቆይ… አለ» አለ። የለም። ሌላ ሰረዝ። አባዬ ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር፤ ጣቶቹ ሱሪውን ጨምድደው ያዙት። ያን ሳይ አላስቻለኝም።

አምፕሊፋየሩ ላይ ባላንስ የሚባል ማዞሪያ አለ። ወደ ግራ ካዞሩት የግራው ስፒከር ይጎላል፣ ወደ ቀኝ ካዞሩት የቀኙ። ያስተማረኝ ራሱ ነው። አራተኛው «አለ» ነበር። ጠርሙሱን አስቀምጬ ተመለስኩና ዘፈኑን ከመልቀቄ በፊት ማዞሪያውን ወደ ግራ ትንሽ፣ የጥፍር ያህል፣ ገፋ አደረግኩት።

አባዬ ከወንበሩ ተነሥቶ ሊቆም ምንም አልቀረው። «አለ! አለ! ጊታሩ! ኸረ ጊታሩ መጣ!»

የቀሩትን ስምንቱንም አልሳተም። ጠርሙሱ ሲኖር እገፋለሁ፣ ሲነሣ እመልሳለሁ። ከአሥራ ሁለቱ አሥሩን አገኘ። ሻሹን ሲፈታው ዓይኖቹ እርጥብ ነበሩ፤ አንሥቶ ጣሪያ ሊያስነካኝ ደረሰ። «አላልኳችሁም! አላልኳችሁም! ክፍሉ ነው!» ይላል። እማዬ ወረቀቱን አጥፋ «እሺ» አለችና ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ስለተሸነፈች የተናደደች መሰለኝ። እኔማ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነው፤ ሰኞ መጣ፣ አባዬ እየዘፈነ ሥራው ሄደ፣ ማታም ተመለሰ። አዳንኩት።

ማዞሪያውን ወደ ግራ እንዳደረግኩት ተውኩት። ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ ግን አባዬ እሁድ ተቀምጦ ፊቱን ኮስተር ሲያደርግ አየሁ። ጠጠሩ ደክሞታል አልኩ። በሚቀጥለው እሁድ ከመቀመጡ በፊት ሄጄ ሌላ ጥፍር ያህል ገፋሁለት። ፊቱ ተፈታ። በወሩ ሌላ። ከዚያ ሌላ። እንዲህ እያልኩ ክረምቱ አለፈ። አንድ እሁድ ልገፋው ስል ማዞሪያው አልሄድም አለ። ዳር ደርሷል።

የአባቴ ጆሮ እያለቀ መሆኑን በዓለም ላይ በትክክል የለካሁት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ በጥፍር በጥፍር። ምን እየለካሁ እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመጣ ዘፈኑ ይሰማል፣ እማዬ የለችም። ገባሁ። አባዬ ወንበሩን አዙሮ ለስፒከሮቹ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ከማጫወቻው ጋር የተኳረፈ ነበር የሚመስለው። ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም። ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ፣ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄደና ባላንሱ ላይ እጁን አሳረፈ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀስ አድርጎ ወደ መሀል መለሰው።

«አባዬ?»

በቀኙ ቆሜ ስለነበር ሰማኝ። ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። «ዞሬ እንደተቀመጥኩ ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ እሺ የኔ ልጅ?» አለኝ።

«እሺ።»

አልነገርኳትም። ጨዋታ መስሎኝ ነበራ! ሰው ፊቱን ሲያዞር የሳሳው ድምፅ አብሮት ከዞረ፣ የታመመው ግድግዳ እንዳልሆነ፣ ይሄን ለማወቅ ሙያተኛ መሆን አያስፈልግም። ያን ቀን አወቀ። የማን እጅ ማዞሪያውን ዳር እንዳደረሰውም አወቀ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ማንም ጋ ሳይሄድ ቆየ። ፈርቶ ይሁን፣ ወይ እማዬ ፊት እኔን ላለማጋለጥ ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም። ሁለተኛው እንዳይሆን ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ መሰላችሁ።

ሱቁ ውስጥ ካቻቢቴውን እንደያዘ ወደቀ። ወድቆ ያገኘው ደንበኛው መጽሔት ነው። ሆስፒታል ስንደርስ የፊቱ ግራ ጎን ወርዷል፣ ቆሞ መሄድ አቅቶት ግድግዳ ይደገፋል። እማዬ እኔን አደራ የምትሰጠው ሰው ስላልነበራት እኔንም ይዛኝ ሐኪሙ ክፍል ገባች። ሐኪሙ የአባዬን የጭንቅላት ፎቶ ብርሃን ላይ ለጥፎ በእስክሪብቶው አሳያት፤ ከጆሮው ወደ ውስጥ፣ ነርቩ ላይ የበቀለ ዕጢ።

«ከዓመት በፊት ብትመጡ ኖሮ የባቄላ ፍሬ ታክል ነበር» አላት። «በቀላሉ ትወጣ ነበር። አሁን እንቁላል አክላለች። ሲጀምረው ምንም ምልክት አላያችሁም?»

እማዬ መሬት መሬት አየች። «ፈትነነው ነበር» አለች። «አልፎ ነበር።»

ሐኪሙ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። እኔ ግን ያኔ ነው የገባኝ። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ሰው ሁሉ የራበኝ መሰለው።

ቀዶ ጥገናው ዕጢውን በሙሉ ማውጣት አልቻለም። አባዬ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ቆይቶ ሞተ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት አንድም ቀን ዘፈን ክፈቱልኝ አላለም፤ እኛም አልከፈትንለትም። ስለዚያ ማዞሪያ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እጄን በቀኝ እጁ ይይዛል፣ ያየኛል፣ በቃ። ልነግረው ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ይቅር በለኝ ማለት አቃተኝ፤ ካልኩት እውነት የሚሆን መሰለኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ልጆቼ ጆሮዬን አሳከከኝ ባሉ ቁጥር ይዤ የምሮጥ እብድ እናት ሆንኩ። ባሌ «ምን ነካሽ?» ይለኛል።

ባለፈው ወር እማዬ ቤት ሄጄ ነበር። ዓይኗ ደክሟል፣ ጥፍሯን የምቆርጥላት እኔ ነኝ። ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ምን እንደመጣብኝ አላውቅም፣ የግራ እጇን ጨርሼ ስለቀው፣ ሳላስበው «እማዬ፣ ያኔ አባዬን ዓይኑን ሸፍነን ስንፈትነው እኔ አጭበርብሬ ነበር» አልኳት። እንባዬ ቀደመኝ።

አልደነገጠችም። መቀሱን ከእጄ ወሰደችና ጭኗ ላይ አደረገችው።

«አይቼሻለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ማዞሪያውን ስታዞሪ ነዋ። አራተኛው ላይ።»

 ሠላሳ አራት ዓመት ለብቻዬ የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር እኮ! «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት፤ ድምፄ ጮኸ፣ ሳልፈልግ።

«እንዲወድቅ ብዬ ነበር ያን ነገር ያመጣሁት» አለች። «ሲወድቅ ግን ፊቱን አየሁት። አንጀቴ አልቻለም። አንቺ ስታዞሪለት ደግሞ እንዴት እንደበራ አየሽ አይደል? ዛሬን ይደሰት፣ ሰኞ ሌላ ዘዴ አላጣም አልኩ። ሰኞ እየዘፈነ ሄደ። በሚቀጥለው ሰኞ አልኩ። ሐኪሙ ምን እንደሚለኝ ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። አለፈ ተብሎ ተጽፎ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር፤ እኔም እሱኑ ማመን ፈለግኩ።»

ላቅፋት ጠጋ አልኩ። በመዳፏ ደረቴን ገፋ አድርጋ አቆመችኝ።

«አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር» አለችኝ። «እኔ ሠላሳ ሦስት።»